ሁለት ዙር ከጭላሎ ሥር

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተካፈለችው እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ነው። በዚያ ቡድን ውስጥ ዛሬ ስማቸው ቢጠራ ብዙዎቻችንን የሚያስገርሙ አንድ የ100 ሜትር ሯጭ ነበሩ፤ ንጉሤ ሮባ። በኋላ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሆነው የእነ ማሞ ወልዴንና የእነ ምሩጽ ይፍጠርን ትውልድ የመሩት፣ ስማቸውም ከማራቶንና ከ10 ሺህ ሜትር ጋር የሚነሳው ንጉሤ ሮባ ራሳቸው በኦሊምፒክ የሮጡት አጭር ርቀት ነው። ማሞ ወልዴም በዚያው በሜልቦርን የተሰለፈው በ800 ሜትር፣ በ1500 ሜትርና በ4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል ነበር። የማራቶን ባለድል ሆኖ ያየነው ከ12 ዓመት በኋላ በሜክሲኮ ነው። አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ከመሮጡ 4 ዓመት አስቀድሞ ኢትዮጵያውያን በኦሊምፒክ መም ላይ በፍጥነት ውድድር ተሰልፈው ነበር ማለት ነው።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት ከጊዜ ብዛት እንደ እውነት የተቀበልነው አንድ አባባል ስላለ ነው። «እኛ ለአጭር ርቀት አልተፈጠርንም» እንላለን። ስታዲየም ውስጥ ይባላል፣ ሻይ ቤት ይባላል፣ በሬዲዮ ይባላል። እኔ ይህን አባባል አልቀበለውም። 100 ሜትርን በ10 ሰከንድ የሚጨርስ ልጅ ነገ ከመካከላችን ይነሳል ብዬ ለማለት ግን አይደለም። የምለው ሌላ ነው፤ ፍጥነት በዚህ አገር፣ በተለይም በአርሲ ደጋ፣ ሁልጊዜም ነበረ፣ ዛሬም አለ። የጎደለው ፍጥነቱን ለይቶ የሚያወጣው ነገር ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር አንድ የአሰላ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳለፈው የውድድር ዘመን ነው።

ቦታውን እንይ። ከአዳማ ወደ ደቡብ የሚወጣው መንገድ ከስምጥ ሸለቆ ተላቅቆ አሰላ ሲደርስ ከፍታው ወደ 2 ሺህ 400 ሜትር ይጠጋል። ከከተማዋ በላይ የጭላሎ ተራራ ቆሟል። መንገዱ ወደ ቦቆጂ ሲቀጥል ከፍታው ይጨምራል፣ ብርዱም እንዲሁ። ከቦቆጂ በስተምሥራቅ የሽርካ ወረዳ ይገኛል፤ ዋና ከተማው ጎበሳ ነው። ስንዴና ገብስ የሚታጨድበት፣ ከብት የሚረባበት፣ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ወፍጮ ቤትና ገበያ በእግራቸው የሚመላለሱበት ደጋ ነው። ዓለም ይህን አካባቢ የሚያውቀው በረጅም ርቀት ነው፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ ከአሰላ፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ፋጡማ ሮባና እነ ጥሩነሽ ዲባባ ከቦቆጂና ከአካባቢዋ። ከቦቆጂ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህርነት ተነስተው ከእነዚህ ስሞች ብዙዎቹን ገና በልጅነታቸው ያዩትን አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን ለማግኘት ጋዜጠኞች ከሩቅ አገር ሲመላለሱ ኖረዋል። እነርሱም የሚጠይቁት ስለ ጽናት፣ ስለ ሳንባ፣ ስለ ከፍታ ነው። ስለ ፍጥነት የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል።

ከፍታው ለረጅም ርቀት ሯጭ ምን እንደሚሠራ ብዙ ተጽፏል። ኦክስጅን ሲሳሳ ሰውነት ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል፣ ሯጩም ወደ ቆላ ወርዶ ሲወዳደር ያ ትርፍ ይጠቅመዋል። ከፍታው ለአጭር ርቀት ሯጭ ምን እንደሚሠራ ግን እምብዛም አይነገርም። በፍጥነት ለሚሮጥ ሰው ከጠላቶቹ አንዱ ከፊቱ የሚጋፋው አየር ነው። በአሰላ ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሩጫው ከአንድ ደቂቃ በታች ከሆነ ጡንቻው በአብዛኛው የሚሠራው በውስጡ ባጠራቀመው ጉልበት ስለሆነ የኦክስጅኑ ማነስ ብዙም አይጎዳውም፤ የአየሩ መሳሳት ግን ይጠቅመዋል።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ስሌት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ኦሊምፒክ የተካሄደባት ሜክሲኮ ሲቲ ከፍታዋ 2 ሺህ 240 ሜትር ነው፤ ከአሰላ ትንሽ ዝቅ ትላለች። እዚያ ጂም ሃይንስ 100 ሜትርን በ9.95፣ ቶሚ ስሚዝ 200 ሜትርን በ19.83፣ ሊ ኢቫንስ 400 ሜትርን በ43.86 ሰከንድ ሮጡ፤ ሦስቱም የዓለም ክብረ ወሰን ነበሩ። የኢቫንስ ሰዓት ወደ 20 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ቆየ። ቦብ ቢመን 8.90 ሜትር የዘለለውም እዚያው ነው። በ800 ሜትር እንኳ አውስትራሊያዊው ራልፍ ዱቤል የዓለምን ክብረ ወሰን አስተካክሏል። እኛ ያንን ኦሊምፒክ የምናስታውሰው በማሞ ወልዴ የማራቶን ወርቅ ነው፤ ማስታወሳችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ ማሞን የጠቀመ ከፍታ ኢቫንስንም ጠቅሟል። ሜክሲኮ ሌላም ነገር ነበራት፤ የኦሊምፒክ አትሌቲክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሠራሽ በሆነ መም ላይ የተካሄደው እዚያ ነው።

እንግዲህ አርሲ አየሩ አለው። መሙ ነው የሌለው፣ ወይም እጅግ ጥቂት ነው። የረጅም ርቀት ሯጭ የሚያስፈልገው ሜዳ፣ ጫካና ኮረኮንች መንገድ ነው፤ ይህ ደግሞ በነጻ ይገኛል። የአጭር ርቀት ሯጭ ግን የማያንሸራትት መም፣ የመነሻ መርገጫ፣ ስፓይክ ጫማ፣ የክብደት ማንሻ፣ ከሁሉም በላይ ከሰከንድ አንድ መቶኛውን ለይቶ የሚያነብ ሰዓትና ያንን ሰዓት የሚያውቅበት አሠልጣኝ ይፈልጋል። የጃማይካን ስኬት በአንድ ዓይነት ምግብ ወይም በዘር የሚተረጉሙ አሉ። እኔ የበለጠ የሚያሳምነኝ ትምህርት ቤቶቿ እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ በየዓመቱ የሚያካሂዱት የተማሪዎች የአትሌቲክስ ሻምፒዮና ነው። አንድ ፈጣን ልጅ እዚያ ሳይታይ የማለፍ ዕድሉ ጠባብ ነው። በጎበሳ ዙሪያ ያለ ፈጣን ልጅ ግን ፍጥነቱ የሚታወቀው ምናልባት ጥጃ ሲያባርር ነው። ሯጭ ለመሆን ሲወስን ደግሞ ወዲያው ረጅም ርቀት ይገባል፤ ምክንያቱም የሚያውቃቸው ጀግኖች ሁሉ የሮጡት ያንን ነው።

በረጅሙና በአጭሩ መካከል አንድ በር አለ። 800 ሜትር ይባላል።

ሁለት ዙር ናት። ስትሰማ ቀላል ትመስላለች፤ የሮጧት ግን ከውድድሮች ሁሉ የከፋ ሕመም ያለባት እርሷ እንደሆነች ይናገራሉ። ሰውነት በዚህ ሩጫ ከሚያወጣው ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው በኦክስጅን የሚገኝ ነው፤ የቀረው አንድ ሦስተኛ ያለ ኦክስጅን የሚቃጠል ነው። ስለዚህ ሯጩ የማራቶኒስት ልብና የ400 ሜትር ሯጭ እግር ያስፈልገዋል። በመጨረሻው 150 ሜትር እግሩ በአሲድ ተሞልቶ ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ሲወጣ፣ እርምጃው ሲያጥር፣ አሸናፊ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነት የጨመረው አይደለም፤ ከሌሎቹ ያነሰ የዘገየው ነው። ከመቀመጫ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን አንዱ ተስፈንጥሮ የወጣ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ አሠልጣኞች የሚያሰሉት አንድ ሒሳብ አለ። የሯጩን የ400 ሜትር ምርጥ ሰዓት በሁለት አባዝተው ከ800 ሜትር ሰዓቱ ይቀንሱታል። ኩባዊው አልቤርቶ ሁዋንቶሬና እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል ሁለቱንም ወርቆች ሲወስድ 400 ሜትርን በ44.26 ሰከንድ፣ 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ43.50 ሰከንድ ሮጠ፤ ልዩነቱ 15 ሰከንድ ገደማ ነው። ኬንያዊው ዴቪድ ሩዲሻ ምርጥ የ400 ሜትር ሰዓቱ 45.15 ነው፤ በለንደን ኦሊምፒክ ካስመዘገበው 1:40.91 ጋር ሲተያይ ልዩነቱ 11 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ሁዋንቶሬና ከአጭሩ ርቀት ወደ ላይ የወጣ ነው፤ የምሥራቅ አፍሪካው ሯጭ ደግሞ ከፍጥነቱ ብዙ ሳያባክን ሁለተኛውን ዙር የሚጨርስ ነው። ጎተራው የሞላ ገበሬ ክረምቱ ቢረዝም እንደማይሸበር ሁሉ፣ ትርፍ ፍጥነት ያለው ሯጭም የመጀመሪያው ዙር ቢፈጥን አይደነግጥም።

መሐመድ አማን ገለቶ እ.ኤ.አ. በጥር 1994 በአሰላ ተወለደ። ኃይሌ በወጣበት ከተማ ተወልዶ ረጅም ርቀት አለመምረጥ በራሱ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2010 በሲንጋፖር በተካሄደው የመጀመሪያው የወጣቶች ኦሊምፒክ በ1000 ሜትር ብር አገኘ። በ2011 ክረምት በፈረንሳይ ሊል በተካሄደው የዓለም ታዳጊዎች ሻምፒዮና በ800 ሜትር እንደገና ብር፤ የቀደመው ኬንያዊው ሌናርድ ኮሴንቻ ነው፣ 1:44.08 በ1:44.68። ሁለቱም ገና ታዳጊዎች ነበሩ፣ ሰዓታቸው ግን የአዋቂ ነው።

በዚያው ክረምት መጨረሻ በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና የ17 ዓመቱ ልጅ ለፍጻሜ ደረሰ፤ 8ኛ ማለትም የመጨረሻ ወጣ። ወርቁን ሩዲሻ ወሰደ። ብዙ ወጣት ከዚያ በኋላ «ልምድ አገኘሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መሐመድ ግን ወደ ጣሊያን ሄደ። በሬቲ ከተማ ከሩዲሻ ጋር ሮጦ ርቆ ቢቀርም 1:43.37 አስመዘገበ። ከ8 ቀን በኋላ፣ መስከረም 7 ቀን 2004 ዓ.ም. በሚላኖ፣ ለረጅም ጊዜ ሽንፈት ያልቀመሰውን ሩዲሻን በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ደረሰበትና ቀደመው። 1:43.50 በ1:43.57። ሰባት መቶኛ ሰከንድ ናት። ልብ ላለ ሰው ያ ሰዓት ሁዋንቶሬና በሞንትሪያል የዓለም ክብረ ወሰን ያደረገው ሰዓት ራሱ ነው።

በቀጣዩ መጋቢት በኢስታንቡል የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና 1:48.36 ሮጦ ወርቅ ወሰደ። ከዚያ ለንደን መጣ። የ2012ቱን የኦሊምፒክ ፍጻሜ ያየ ሰው አይረሳውም፤ ሩዲሻ ከመነሻው እስከ መጨረሻው መርቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፣ ከኋላው ከነበሩትም አብዛኞቹ እርሱን ሲከተሉ የሕይወታቸውን ምርጥ ሰዓት ሮጡ። መሐመድ 1:43.20 ሮጦ የኢትዮጵያን ክብረ ወሰን አሻሻለ፣ ግን 6ኛ ነበር። የመጨረሻው ሰው እንኳ 1:43.77 በሮጠበት ውድድር የአገር ክብረ ወሰን ሜዳሊያ አያመጣም። ሦስት ሳምንት ቆይቶ በዙሪክ ሩዲሻን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈው፤ 1:42.53 በ1:42.81። የዓለም ባለክብረ ወሰኑን በሁለት የውድድር ዘመናት ሁለት ጊዜ በፊት ለፊት ፍልሚያ መቅደም በአጋጣሚ የሚገኝ አይደለም። የዚያ ዓመት የዳይመንድ ሊግ ዋንጫም የእርሱ ሆነ።

አሁን ወደ 2013 ደርሰናል። በዚያ ዓመት ሩዲሻ ጉልበቱን ታሞ ከዓለም ሻምፒዮናው ቀረ። በዚህ ምክንያት የመሐመድን ድል የሚያሳንሱ አሉ። በእኔ እምነት ተሳስተዋል። ሩዲሻ በሚሮጥበት ፍጻሜ ሌሎቹ ሰባቱ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ያውቃሉ፤ ተከትሎ መሄድ ነው። እርሱ በሌለበት ጊዜ ግን ሁሉም ወርቁን ያየዋል፣ ሁሉም ይጋፋል፣ ስህተትም ይበዛል። ደግሞም ያን ጊዜ ሁሉም የሚጠብቀው መሐመድን ነበር። የ19 ዓመት ልጅ ተሳዳጅ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ፍጻሜ ገባ።

ነሐሴ 7 ቀን 2005 ዓ.ም. ሞስኮ፣ ሉዥኒኪ ስታዲየም። ከሁለት ቀን በፊት በዚያው መም ላይ ዩሴን ቦልት በዝናብ 100 ሜትርን በ9.77 አሸንፏል፣ ጥሩነሽ ዲባባም የ10 ሺህ ሜትር ወርቋን ወስዳለች። የ800 ሜትር ሯጮች የመጀመሪያውን ኩርባ በየመስመራቸው ሮጠው ሲጨርሱ ወደ ውስጠኛው መም ይገባሉ። ውድድሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። አሜሪካዊው ዱዋን ሰለሞን እንደ ልማዱ ፊት ወጥቶ ፈጣን ዙር መራ። መሐመድ ከኋላው ተጠግቶ ተቀመጠ።

ይህ «መቀመጥ» ምን ማለት እንደሆነ ጠጋ ብለን እንየው። የአንድ መም ስፋት 1.22 ሜትር ነው። አንድ ሯጭ አንዱን ኩርባ በሁለተኛው መም ላይ ቢዞር ከውስጠኛው ሯጭ ወደ 3.8 ሜትር የሚጠጋ ተጨማሪ ርቀት ይሮጣል። በየመስመሩ ከሚሮጠው ከመጀመሪያው ኩርባ በኋላ ሦስት ኩርባዎች ይቀራሉ። ሦስቱንም በውጭ የዞረ ከ11 ሜትር በላይ ይጨምራል፤ በዚህ ፍጥነት አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። በውስጥ የሮጠ ደግሞ ርቀት ያተርፋል፣ ነገር ግን ከፊቱና ከጎኑ ሰው ሲዘጋበት በር የሌለው ክፍል ውስጥ ይገባል። ጥሩ የ800 ሜትር ሯጭ ከመሪው ቀኝ ትከሻ ኋላ፣ ውስጡን ሳይለቅ መውጫውን ሳይዘጋ የሚቆም ነው። ይህን ሁሉ የሚወስነው በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር እየሮጠ፣ በክርን እየተገፋ፣ በሌላ ሰው ስፓይክ እየተነካ ነው።

በመጨረሻው ኩርባ ሌላው አሜሪካዊ ኒክ ሲሞንድስ ወጣ። ወደ ቀጥታው መስመር ሲገቡ ሲሞንድስ እየመራ ነበር፤ ጠንካራ፣ ልምድ ያለው፣ አጨራረሱ የሚፈራ ሰው ነው። የቀረው ከመቶ ሜትር በታች ነው። መሐመድ ወደ ውጭ ወጣ። ሰውነቱ ቀጥ ያለ፣ እርምጃው ያልተቆራረጠ ነበር። ሲሞንድስ ትከሻው ሲከብድ ይታያል፤ የአሰላው ልጅ ግን ከሌሎቹ ያነሰ ነው የዘገየው። በመጨረሻዎቹ ሜትሮች አለፈው። 1:43.31፤ ሲሞንድስ 1:43.55፤ የጅቡቲው አያንለህ ሱሌማን 1:43.76። በወርቁና በብሩ መካከል የነበረው ርቀት ከሁለት ሜትር ያነሰ ነው፤ ማለትም አንዱን ኩርባ በውጭ መዞር ከሚያስከፍለው ግማሽ ያህል።

ኢትዮጵያ በዓለም ሻምፒዮና በ800 ሜትር ሜዳሊያ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ያውም ወርቅ። በሞስኮ ሦስት ወርቅ አመጣን፤ የጥሩነሽ፣ የመሐመድና የመሠረት ደፋር። ከሦስቱ ሁለቱ የአርሲ ናቸው። አንደኛው ደግሞ በሁለት ዙር የተገኘ ነው። እኔ በወቅቱ ያሳዘነኝ ደስታችን እንደ ሌላው ወርቅ መሆኑ ነው፤ ሜዳሊያ ቆጠርን እንጂ የተከፈተውን በር አላየንም።

የውድድር ዘመኑ በዚህ አላበቃም። ጳጉሜን 1 ቀን 2005 ዓ.ም. በብራስልስ የዳይመንድ ሊጉ ማጠቃለያ ላይ 1 ደቂቃ ከ42.37 ሰከንድ ሮጠ። ይህ ለብዙ ዓመታት የቆየ የኢትዮጵያ ክብረ ወሰን ነው። ሰዓቱን ለስምንት ብናካፍለው እያንዳንዱ 100 ሜትር 12.8 ሰከንድ ይደርሳል። አንባቢው በአካባቢው ካለ ትምህርት ቤት ፈጣን የተባለውን ልጅ ጠርቶ 100 ሜትር ቢያስሮጠው፣ ብዙ ጊዜ ያ ልጅ በሙሉ ኃይሉ ሮጦ 12.8 ለመግባት ይቸገራል። መሐመድ ይህን ሳያርፍ ስምንት ጊዜ ደገመው። የዳይመንድ ሊግ ዋንጫን ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት ይዞ አዲሱን 2006 ዓ.ም. ተቀበለ። በዚያው ዓመት የካቲት በበርሚንግሃም የአፍሪካን የቤት ውስጥ ክብረ ወሰን 1:44.52 አደረሰ፤ መጋቢት ላይ ደግሞ በፖላንድ ሶፖት የዓለም የቤት ውስጥ ወርቁን ደገመ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ዓመታት እንደ እነዚህ አልሆኑም። 800 ሜትር ዘመኑ አጭር የሆነ ውድድር ነው።

«አንድ ሰው ነው፤ የተለየ ስጦታ ነው» ሊባል ይችላል። እኔ ግን መሐመድ የተለየ የሆነው በመረጠው ርቀት እንጂ በፍጥነቱ ምንጭ አይመስለኝም። የአርሲ የረጅም ርቀት ጀግኖች እንዴት እንዳሸነፉ እናስታውስ። በሲድኒ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን የቀደመው ከ25 ዙር በኋላ በ0.09 ሰከንድ ነው፤ 27:18.20 በ27:18.29። ይህ በጽናት ብቻ የተገኘ ድል አይደለም፤ በመጨረሻው 100 ሜትር ላይ የተደረገ የአጭር ርቀት ሩጫ ነው። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1999 በማኤባሺ የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና 1500 ሜትርንም 3000 ሜትርንም ማሸነፉን ብዙ ሰው ረስቶታል። ቀነኒሳ በቤጂንግ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትሩን የመጨረሻ ዙር በ53.42 ሰከንድ፣ የ5 ሺህ ሜትሩን በ53.87 ጨረሰ። 24 ዙር ከሮጡ በኋላ 53 ሰከንድ! ትኩስ ሆኖ አንድ ዙር ብቻ ሮጦ 53 ሰከንድ የማይገባ ስንት ጤነኛ ወጣት አለ? ገንዘቤ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2015 በሞናኮ 1500 ሜትርን በ3:50.07 ስትሮጥ እያንዳንዱን 400 ሜትር በአማካይ ከ62 ሰከንድ በታች አድርጋዋለች። በአርሲ ተወልዳ ለባሕሬን የሮጠችው ማርያም ዩሱፍ ጀማል በኦሳካና በበርሊን ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው በ1500 ሜትር ነው። የምንላቸው «የጽናት ሯጮች» በእርግጥ ጽናት አላቸው፤ ወርቁን ያመጣላቸው ግን ጽናቱ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ፍጥነት ነው።

ከአርሲ ውጭም ምልክቱ ታይቷል። ፋንቱ ማጊሶ በ400 ሜትርም በ800 ሜትርም የኢትዮጵያን ክብረ ወሰን የያዘች ነበረች፤ በለንደን ኦሊምፒክ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ባትጎዳ ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጽጌ ዱጉማ ከ400 ሜትር ተነስታ ወደ 800 የመጣች ናት። በ2024 በግላስጎ የዓለም የቤት ውስጥ ወርቅ ወሰደች፤ በዚያው ክረምት በፓሪስ 1:57.15 ሮጣ ብር አገኘች፣ በ800 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ። መሐመድ ከረጅም ርቀት ምድር ወደ ፍጥነት ወረደ፤ ጽጌ ከአጭር ርቀት ወደ ላይ ወጣች። ሁለቱም የተገናኙት እዚያው በሩ ላይ ነው።

በአሰላ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል ከረጅም ርቀት ባሻገር የአጭር ርቀት፣ የዝላይና የውርወራ ሠልጣኞችን ይቀበላል። መልካም ጅምር ነው፤ ግን እዚያ የሚደርሰው አስቀድሞ የታየ ልጅ ነው። ከጎበሳ፣ ከሽርካ ገጠር ቀበሌዎች፣ ከአሰላ ርቀው ካሉ ወረዳዎች ልጁን ማን ያየዋል? በወረዳ የትምህርት ቤቶች ውድድር አብዛኛውን ጊዜ ዓይን የሚያርፈው በረጅሙ ሩጫ አሸናፊ ላይ ነው፤ 5ኛ ሆኖ የገባውና የመጨረሻውን 200 ሜትር ከሁሉም ፈጥኖ የሮጠው ልጅ ደብተሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

እርሱን ለማግኘት ሰው ሠራሽ መም እስኪነጠፍ መጠበቅ አያስፈልግም። የስፖርት መምህሩ ደልዳላ ሜዳ ላይ 200 ሜትር በሜትር ለክቶ በችካል ያስምር። ልጆቹን ሰውነታቸውን ካሟሟቁ በኋላ አንድ በአንድ ያስሩጥ፣ ሰዓታቸውን ይመዝግብ። በሌላ ቀን እነዚያኑ ልጆች 800 ሜትር ያስሩጥና ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን ያስቀምጥ። የ200 ሜትሩን ሰዓት በአራት አባዝቶ ከ800 ሜትሩ ይቀንስ። በ200 ሜትሩ ከፊት የሆኑትና ልዩነታቸውም ያነሰ ልጆች ለ10 ሺህ ሜትር መቸኮል የለባቸውም። ፈተናውን በየዓመቱ፣ በአንድ ወቅትና በአንድ ሜዳ ይድገመው፤ መዝገቡንም ወደ ወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤትና ወደ አሰላው ማዕከል ይላክ።